ቴርሞሜትር ሲሰበር መጥረጊያ አታንሱ፦ ሜርኩሪ ያለባቸውን የቤት ዕቃዎች እንዴት እንደምንይዝና እንደምናስወግድ

ባለፈው ክረምት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተጠቅልሎ ደሴ ለቀናት ፀሐይ ባላየችበት ሰሞን፣ አንድ ማታ የጎረቤታችን ልጅ በራችንን ደበደበ። «መምህር፣ እማዬ ቶሎ ይምጡልኝ ትላለች፤ ቴርሞሜትሩ ተሰበረ!» ታናሽ እህቱ ትኩሳት ይዟት ነበር። እናትየው ከልጅቷ ብብት ስታወጣው ከእጇ ያመልጥና ከአልጋው ብረት ጋር ይጋጫል። እኔ እስክደርስ ማናችንም ብንሆን የምናደርገውን ሁሉ አድርጋ ጨርሳለች፤ በመጥረጊያ ጠርጋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ፣ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ አጥባ፣ ጥራጊውን ደግሞ የቡናው ከሰል ላይ ልትደፋው ይዛ ቆማለች። «ተይው!» ያልኩበት ድምፅ ራሴኑ አስደነገጠኝ።

በእሷ አልፈርድም። ቆሻሻን የምናውቅባቸው መላዎች ሦስት ናቸው፦ መጥረጊያ፣ ውሃና እሳት። ሜርኩሪ ደግሞ በሦስቱም ይብስበታል። መጥረጊያ አንዱን ጠብታ መቶ ያደርገዋል፣ ውሃ ወደ ቱቦና ወደ ወንዝ ይወስደዋል፣ እሳት ባንድ ጊዜ ወደ ትንፋሻችን ያስገባዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ማታ ያደረግነውንና ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በጠየቀኝ ቁጥር የምመልሰውን ነው።

በመጀመሪያ ጠባዩን እንወቅ

ሜርኩሪ፣ በቆየው ስሙ ባዜቃ፣ በተራ የቤት ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብረት ነው። ከውሃ 13.5 እጥፍ ይከብዳል። መሬት ሲነካ እንደ ዶቃ ተበትኖ ይንከባለላል፤ ልጆች የሚወዱትም ለዚህ ነው። አደጋው ያለው ግን በሚያብለጨልጨው ጠብታ ላይ ሳይሆን ከጠብታው ዝም ብሎ በሚወጣው ትነት ላይ ነው። ትነቱ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በትንፋሽ ከገባው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ነርቭና ኩላሊትን ይጎዳል፣ በፅንስና በሕፃናት ላይ ደግሞ ይከፋል። በአንጻሩ አንድ ልጅ የቴርሞሜትሩን ጠብታ ቢውጥ ጠብታው ከሞላ ጎደል እንዳለ አልፎ ይወጣል። እንዲያ ሲሆን የሚያሰጋው አብሮ የተዋጠው ስብርባሪ ነው። ስለዚህ ልጁን አታስመልሱት፣ ወተት ጠጣ ብላችሁም አታስጨንቁት፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱትና ምን እንደዋጠ ተናገሩ።

ቤታችሁ ውስጥ የት የት አለ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መድቡና መሳቢያውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ አልጋ ሥሩን ፈትሹ።

ቴርሞሜትሩ ውስጥ የብር መልክ ያለው ክር ከታየ ሜርኩሪ ነው ብላችሁ ያዙት። ከግማሽ ግራም እስከ አንድ ግራም ተኩል ይይዛል። ክሩ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ አልኮል ስለሆነ አያሳስብም።

ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሌላው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል የክሩን አምፖል እየተቀበለ በዚህ ሲለውጥልን ደስ ብሎን ወሰድን፤ ቆጣሪውም ቀስ አለልን። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ነው። አንድ ቴርሞሜትር ብቻውን የመቶ አምፖል ያህል ይይዛል ማለት ነው፤ ስለዚህ ፍርሃታችሁንም በልኩ አድርጉት። ረዥሙ ፍሎረሰንትና የድሮው ፓውዛም ሜርኩሪ አለባቸው። ኤልኢዲ የለበትም።

ከዚያ ባትሪዎች አሉ። የእጅ ሰዓትና የመጫወቻ ክብ ባትሪዎች፣ በተለይ የቆዩት፣ ጥቂት ሜርኩሪ ይኖራቸዋል። የሬዲዮ ድንጋይ የምንለው ትልቁ ባትሪ በአብዛኛው ሜርኩሪውን ከተወ ቆይቷል፤ ግን እሳት ውስጥ መጣሉ አሁንም ጥሩ አይደለም።

በጡረታ የወጣ የጤና ባለሙያ ቤት ከሆነ ባለ ቋሚ ቱቦ የደም ግፊት መለኪያ ይኖር ይሆናል። ይህ ከ80 እስከ 100 ግራም ይይዛል። ከተሰበረ ብቻችሁን ልታጸዱት አትሞክሩ። ሰው ሁሉ ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ ለጤና ጣቢያውና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር።

የመጨረሻው ማንም የማይጠረጥረው ነው፦ ፊት የሚያቀላ ክሬምና ሳሙና። እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ስላለው ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

ቴርሞሜትር ከተሰበረ፣ በቅደም ተከተል

1. ልጆችን፣ ነፍሰ ጡርን፣ ድመቷንም አስወጡ። የረገጠው ሰው ጫማውን እዚያው ያውልቅ፤ ጠብታው በጫማ ሥር ሌላ ክፍል ይገባል። ወደ ሌላው ክፍል የሚወስደውን በር ዝጉ፣ ወደ ውጭ የሚወስደውን በርና መስኮት ክፈቱ። እንደ ደሴና እንደ ኩታበር ባለ ብርድ ቦታ ይህ ከባድ ነው፤ እናት ትኩሳት ያለባትን ልጅ ይዛ መስኮት ክፈቺ ስትባል ቅር ይላታል። ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላችሁ ሌላ ቤት ውሰዷትና ክፈቱት።

2. እሳት ያለበትን ሁሉ ከክፍሉ አውጡ። ከሰል፣ የእጣን ማጨሻ፣ ምጣድ። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ትነቱ ይጨምራል። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ቢቀር ያን ቀን ማንም አይቀየምም።

3. ወርቅና ብር አውልቁ። ቀለበት፣ አምባር፣ ድሪ፣ የአንገት መስቀል። ሜርኩሪ ወርቅ ከነካ ይጣበቀውና ያነጣዋል፤ በውሃም አይለቅም። ከዚያ ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ ሁለት ፌስታል ደራርባችሁ እጃችሁ ላይ እሰሩ።

4. ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ አዘጋጁ። ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ማሰሮ ይሻላል፤ ከጠፋ የሃይላንድ ጠርሙስ ይሆናል። ስብርባሪውን መስታወት በወፍራም ወረቀት እያነሳችሁ አስቀድማችሁ ክተቱ።

5. መብራቱን አጥፉና የሞባይላችሁን ባትሪ አብርታችሁ ወለሉ ላይ አጋድሙት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዷ ጠብታ እንደ ኮከብ ታበራለች። እኛ ያን ማታ ወለሉ ጸድቷል ካልን በኋላ እንዲህ ብናይ ከአልጋው እግር ሥር ዘጠኝ ጠብታ አገኘን።

6. ሁለት ጠንካራ ካርቶን ያዙ፤ የደብተር ሽፋን ይበቃል። ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያላችሁ ጠብታዎቹን አገናኙ። ሲገናኙ ይዋሃዳሉ። መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ሳቡና ማሰሮው ውስጥ አድርጉ። የደቀቁትን በፕላስተር ወይም በስኮች እየነካችሁ አንሱ፤ ፕላስተሩም እዚያው ይገባል። የጺም መላጫ አረፋ ያለው ሰው ጥቂት ቢያፈስበት ደቃቁን አቅፎ ያነሳለታል።

7. የሲሚንቶ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ማውጣት ካልተቻለ የድኝ ዱቄት ነስንሱበት። ድኝ ከሜርኩሪ ጋር ይጣመርና ትነቱን ያፍነዋል። ጥቂት ቆይታችሁ በካርቶን አንሱት። ድኙን እንዳታጨሱት አደራ፤ ያ ሌላ መርዝ ነው።

ወለሉ አፈር ከሆነስ? ለከተማ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አያነሱም። ከከተማ ወጣ ሲባል ግን ብዙው ቤት በእበት የተለቀለቀ አፈር ነው። አፈር ላይ ጠብታ ለመልቀም መታገል ዋጋ የለውም። የወደቀበትን ቦታ አንድ ክንድ ያህል ዙሪያውን አስፍታችሁ፣ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ታች በመኮትኮቻ ወይም በቢላ ላጡት። የተላጠውን አፈር ከነቢላው ሁለት ድርብ ፌስታል ውስጥ እሰሩ። ከዚያ አዲስ ጭቃ ሙሉበትና ለቅልቁት። እንዲያውም ከሴራሚክ ይልቅ የአፈር ወለል ለዚህ ይመቻል፤ ሴራሚክ የሚላጥ አይደለም።

ጨርቅ ላይ ከወደቀ ደግሞ፣ ጠብታ የነካው የምንጣፉ ወይም የአንሶላው ክፍል ተቆርጦ ይጣል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የገባ እንደሆነ ማሽኑን ይበክላል። ጠብታ ያልነካው፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻ የነበረ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰው ከማይቀመጥበት ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይናፈስ፤ ከዚያ ይታጠባል።

እንደ ጎረቤቴ አስቀድማችሁ ጠርጋችሁና ወልውላችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። መጥረጊያውን ከእንግዲህ ለምንም አትጠቀሙበት፤ ከቆሻሻው ጋር ይታሰር። ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ ቱቦ ላይ አትድፉት። ሜርኩሪ ከባድ ስለሆነ ሥር ይዘቅጣል፤ ውሃውን ከነዝቃጩና ከነጨርቁ ክዳን ባለው አሮጌ ጀሪካን ገልብጡት። ቫኪዩም ክሊነር ያላችሁ ደግሞ እንዳትነኩት፤ ጠብታውን አሙቆ አየሩ ላይ ይረጨዋል።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ቢያንስ 24 ሰዓት አናፍሱ። ልጆች ያን ሌሊት እዚያ አይተኙ፤ ትነቱ ከወለል ነው የሚነሳው፣ እነሱ ደግሞ ወለል ላይ ናቸው የሚውሉት። በቀጣዮቹ ቀናት ሳል፣ የደረት መጥበብ፣ ራስ ምታት፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ የመጣበት ሰው ካለ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ «ሜርኩሪ ተሰብሮብን ነበር» የሚለውን ሳይጠየቅ ይናገር። በሐኪሙ ዓይን ተራ ጉንፋን ሊመስል ይችላል። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀሉ 907 ነው።

አምፖልና ፍሎረሰንት

ይህ አጭር ነው። ስትለውጡ አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ መስታወቱን ሳይሆን ነጩን ፕላስቲክ ይዛችሁ አሽከርክሩ። የተቃጠለውን በአዲሱ ካርቶን መልሳችሁ አስቀምጡት። ከተሰበረ ከክፍሉ ውጡና 15 ደቂቃ ያህል ይናፈስ፤ ከዚያ በካርቶን ሰብስባችሁ፣ በፕላስተር ደቃቁን አንስታችሁ፣ በእርጥብ ወረቀት ጠርጋችሁ ሁሉንም ማሰሮ ውስጥ። መጥረጊያ እዚህም የለም። ረዥሙን ፍሎረሰንት ልጆች እንደ ጎራዴ ሲጋጩበት አይቻለሁ፤ የነጩ ዱቄት ጭስ ያስቃቸዋል። ሜርኩሪው እዚያው ዱቄት ላይ ነው ያለው።

ከዓረብ አገር ሻንጣ የሚወጣው ክሬም

እኛ ወሎዎች ከጅዳና ከሪያድ ሻንጣ ያልመጣልን ነገር የለም። እህት፣ አክስት፣ የወንድም ሚስት ከስደት ስትመለስ ለሁሉም የሚደርሰውን ስጦታ ታመጣለች፤ ከመካከሉ ፊት የሚያቀላ ክሬም አይጠፋም። አገር ውስጥ ኮስሞቲክስ ቤትም ይሸጣል። አንዳንዱ ውስጥ የሜርኩሪ ጨው አለ። ቆዳ ቀለም እንዳይሠራ ስለሚከለክል ለጥቂት ሳምንት ያቀላል፤ ከዚያ በቆዳ አልፎ ኩላሊት ይገባል። ክሬሙን የምትቀባው አንዲት ሴት ብትሆንም ፎጣው፣ ትራሱ፣ የምታቅፈው ሕፃን ሁሉ ይነካካል። ለዚህ ነው ከቴርሞሜትሩ የበለጠ የሚያስፈራኝ፤ ቴርሞሜትር ሲሰበር ድምፅ ይሰማል፣ ክሬም ግን በየማታው በደስታ ይቀባል።

እንዴት ይለያል? ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «መርኩሪ»፣ «ካሎሜል»፣ «መርኩሪክ አዮዳይድ»፣ «አሞኒየትድ መርኩሪ» የሚሉ ቃላትን በየትኛውም ፊደል ፈልጉ። ዓረብኛ ከሆነ ደረሳ የነበረ ሰው አይጠፋምና አስነብቡት፤ ቃሉ «ዚእበቅ» ነው። ምንም ሳይጻፍ የሚያጋልጥም ምልክት አለ፤ «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚንየም ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ፣ ለፊት ክሬም እንዲህ ያለ ምክር ለምን አስፈለገ ብላችሁ ጠይቁ። ብርሃን ሲያገኘው ወደ ግራጫ የሚለወጥም ያጠራጥራል። ምን እንደተጨመረበት፣ ማን እንደሠራው የማይገልጽ ከሆነ ደግሞ መልሱን አትጠብቁ።

ካገኛችሁ ዛሬውኑ መቀባት አቁሙ። ክዳኑን ግጠሙ፣ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ከሌላው ጋር አኑሩት። ታጥቦ ሌላ ቅባት እንዲገባበት ብልቃጡን ለማንም አትስጡ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች፣ ወይም ፊትና እግር ማበጥ፣ ሽንት አረፋ መብዛት ካለ ብልቃጡን ይዛ ሐኪም ጋ ትሂድ። ሻጩን ለመጠቆም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 አለ። ስጦታውን ያመጣችውን ግን አታሳፍሯት። እሷም እዚያ ስትቀባው ነው የከረመችው፤ ቀድማ መመርመር ያለባት እሷ ናት።

የታሰረውን ምን እናድርገው?

ማሰሮውንና ፌስታሉን «ሜርኩሪ አለበት፣ አትክፈቱ» ብላችሁ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉበት። ፀሐይና እሳት ከማያገኘው፣ ልጅ ከማይደርስበት፣ ከእህልና ከመኝታ ከራቀ ቦታ አስቀምጡት፤ ከቤት ውጭ ያለ የሚቆለፍ ዕቃ ቤት ይሻላል። ከዚያ በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አነጋግሩ፤ ዕቃውን ሳትይዙ፣ አስቀድማችሁ በቃል። ጤና ተቋማት የራሳቸውን አደገኛ ቆሻሻ የሚያስወግዱበት መንገድ ስላላቸው የናንተንም ይቀበሉ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የከተማው ጽዳትና ውበትም ይጠየቅ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል፤ ስትጠይቁ ቁጥሩን ብትጠቅሱ ከበር አይመልሷችሁም። ስትወስዱ በካርቶን ደግፋችሁ፣ የባጃጅ መስኮት ከፍታችሁ።

ያልተሰበሩ አምፖሎች ተቀባይ ካጡ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ለብቻ ታስረው፣ አፍ ለአፍ ተነግሮ ይሰጡ። እነዚያ ልጆች በባዶ እጃቸው ነው የሚሠሩት። ሳይነገራቸው ከድንች ልጣጭ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ግፍ ነው።

የማይደረገውም ይጻፍ። ለቆራሌ አትሽጡ፤ መስታወቱን ሰብሮ ቆርቆሮውን ሊወስድ ነው። አትቅበሩ፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ አትጨምሩ። ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፤ ከደሴ ወደ ቦርከና የገባ ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ሜዳ ላይ ይደርሳል፣ ከብት እዚያ ይጠጣል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅማ ይባስ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። ውሃ ሥር ያሉ ተህዋስያን ሜርኩሪን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፣ እሱ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል፣ ዓሣውን ደግሞ እኛ እንበላዋለን። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ በ1956 እ.ኤ.አ. የታወቀው በሽታ የመጣው እንዲሁ ነው፤ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜቲል ሜርኩሪ በዓሣ አድርጎ ሰው ጋ ተመለሰ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስሙን ከዚያች ከተማ ወስዷል። ባለ ሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረትና እንዳይሸጋገር የወሰነውም እሱ ነው፤ ቤታችሁ ያለው እንግዲህ የቆየ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ «ሬድ ሜርኩሪ በሚሊዮን እንገዛለን» የሚል ደላላ ከመጣባችሁ በሩን አሳዩት። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳውዲ ውስጥ አሮጌ የሲንገር ስፌት መኪና ውስጥ አለ ተብሎ ሰው ገንዘቡን ረጭቶበታል። እንዲህ የሚባል ተአምረኛ ነገር የለም። ፍለጋ ብሎ አሮጌ ዕቃ መስበር ግን እውነተኛውን ሜርኩሪ ያስወጣል።

ጎረቤቴ በሳምንቱ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝታ ልታሳየኝ መጣች። ልጅቷ ድናለች፤ ብብቷ ሥር አስገብተን ጠበቅን፣ ጢጥ አለ፣ 36.8። «መምህር፣ ይሄኛውስ ሆዱ ውስጥ ምን አለው?» አለችኝ። ክብ ባትሪ ነው። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ነው የሚኬደው፤ ጠዋት አይጠበቅም። ገልብጬ አየሁት። ክዳኑ በብሎን አልታሰረም፣ በጥፍር ይከፈታል። በፕላስተር ሁለት ዙር ጠቅልዬ ሰጠኋት።